አልበሙና መድረኩ ለምን አይመሳሰሉም?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሮክ ዘፈኖችን የሚጫወት ባንድ አለው። የጻፈው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምወዳቸውን የሮክ ባንዶች አልበም ሰምቼ የመድረክ ቪዲዮአቸውን ሳይ ግራ ይገባኛል። ይፈጥናሉ። ዘፋኙ ከፍ የሚለውን ቦታ ዝቅ አድርጎ ያልፈዋል። አንዳንዱ ክፍል ጭራሽ የለም። ጓደኞቼ ስቱዲዮው ማታለያ ነው፣ የባንድ ችሎታ የሚታየው መድረክ ላይ ነው ይላሉ። እኛም አዳራሽ ውስጥ ስንጫወት አልበሙን አንመስልም። ምን እናድርግ?»

ወንድሜ፣ ከጓደኞችህ ሐሳብ ልጀምር። እኔ አልስማማም።

የኔ እንጀራ ድምፅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ቀርጬአለሁ። ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ለሠርግም ለኮንሰርትም ሚክሰር (የየመሣሪያውን ድምፅ ማመጣጠኛ) ፊት ቆሜአለሁ። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ሳየው ስቱዲዮው ማታለያ አይደለም፣ መድረኩም ፈተና አይደለም። አልበም ተደጋግሞ እንዲሰማ ነው የሚሠራው። መቶ ጊዜ ብትሰማውም እንዳይሰለችህ፣ ትንሿ ስህተት በየዙሩ እየመጣች ጆሮህን እንዳትወጋው ተጠንቅቀው ያበጁታል። መድረክ ላይ ግን የሚጫወቱት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ፊታቸው ለቆመ ሰው። አዝማሪ ግጥሙን እዚያው ለተቀመጠው እንግዳ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ሚዛን መለካት ሁለቱንም መበደል ነው።

በምታውቀው ዘፈን ላሳይህ። አገራችን ውስጥ ሮክ አልሰማም የሚል ሰው ሳይቀር ሆቴል ካሊፎርኒያን ያውቃል። የአሜሪካው ባንድ ኢግልስ ዘፈኑን ያወጡት በ1976 አልበማቸው ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስትሰማው አምስት ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር የተጫወቱት ይመስላል። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ሲምዚክ እንደተናገረው ግን ዋናው ቴፕ ላይ 33 ቦታ ተቆርጦ ተቀጥሏል። ከተለያየ ሙከራ ጥሩ ጥሩውን መርጠው ቴፑን እየቆረጡ ነው የገጣጠሙት። በዚያ ላይ መጀመሪያ የቀረጹበት ኪ (ዘፈኑ የተቃኘበት ከፍታ) ለዘፋኙ ለዶን ሄንሊ ድምፅ በጣም ከፍ ስላለበት፣ ዝቅ አድርገው እንደገና ቀረጹት።

ይህ ማታለል ነው? ዘፈኑን የደረሰው፣ ያቀናበረው፣ የተጫወተው እነሱው ናቸው። የፈለጉትን እስኪያገኙ ጊዜ ወሰዱ እንጂ ያልነበረ ችሎታ አልፈጠሩም።

አሁን ወደ መድረኩ እንሂድ። አልበሙ ላይ መግቢያው በባለ 12 ክር ጊታር ነው፣ ሶሎው ደግሞ በሌላ ጊታር። ስቱዲዮ ውስጥ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ማንሳት ይቻላል። መድረክ ላይ ጊዜ የለም። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ዶን ፌልደር ለዚህ ሲል ሁለት አንገት ያለው ጊታር ነበር የሚይዘው፤ አንዱ አንገት ባለ 12 ክር፣ ሌላው ባለ 6። የሌድ ዜፕሊኑ ጂሚ ፔጅም ስቴርዌይ ቱ ሄቨንን መድረክ ላይ ለመጫወት ያው ዓይነት ጊታር ነው የያዘው። ሰው ያን ጊታር ለማማር የተያዘ ይመስለዋል፤ የስቱዲዮውን ብዙ ጊታር በአንድ ሰው እጅ ለማምጣት የተገኘ ዘዴ ነው።

መጨረሻውንም ተመልከት። አልበሙ ላይ ሁለቱ ጊታሮች እየተጫወቱ ሳሉ ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል። መድረክ ላይ ቀስ ብሎ መጥፋት የሚባል ነገር የለም። አራት አምስት ሰው እኩል ማቆም አለበት፣ ስለዚህ አልበሙ ላይ ያልነበረ መጨረሻ ይፈጠራል። ይህን ነገር ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ለኔ ግን በስቱዲዮና በመድረክ መካከል ካሉት ልዩነቶች ሁሉ በጣም ግልጹ ነው።

ከዚያ በ1994 እንደገና ሲሰባሰቡ ምን እንዳደረጉ ስማ። በናይለን ክር ጊታርና በእጅ በሚመታ ከበሮ፣ ፈጽሞ አዲስ የሆነ ረጅም መግቢያ ሠሩለት። ሕዝቡ የትኛው ዘፈን እንደሆነ እስኪለይ ይቆያል። የሚታወቀው ቦታ ሲደርስ የሚወጣውን ጩኸት አድምጠው። ያ ጩኸት የዘፈኑ አካል ሆኗል። ስቱዲዮ ውስጥ በምንም ዘዴ አይገኝም፣ ምክንያቱም የሚያስጮኸው ሰው ዘፈኑን ከአልበሙ ማወቁ ነው። አየህ፣ መድረኩ የቆመው አልበሙ ላይ ነው።

ሁለቱ ጭራሽ የተለያዩበትን ጊዜ ካልክ ደግሞ ቢትልስን አንሳ። በ1963 የመጀመሪያ አልበማቸውን አብዛኛውን ክፍል በአንድ ቀን ነው የቀረጹት፤ መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ይዘው ገብተው ተጫወቱት። ያኔ ልዩነቱ ጠባብ ነበር። በነሐሴ 1965 ኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ውስጥ ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲቆሙ ግን ሌላ ነገር መጣ። የስታዲየሙን የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያ ነው የተጠቀሙት። ዛሬ ዘፋኙ ራሱን እንዲሰማበት ፊቱ የምናስቀምጠው ስፒከር፣ ሞኒተር የምንለው፣ አልነበረም። የልጃገረዶቹ ጩኸት ከሙዚቃው በላይ ስለነበር የሚጫወቱትን ራሳቸው አይሰሙም ነበር። ራስህን ሳትሰማ መዝፈን ምን እንደሆነ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ሪቮልቨርን አወጡ። ቴፕ ቆርጠው ቀለበት አድርገው የሚያዞሩበት፣ ጊታር ወደ ኋላ የሚያስኬዱበት አልበም ነው። በዚያው ነሐሴ አሜሪካን ሲዞሩ ከዚህ አልበም አንድም ዘፈን አልተጫወቱም። በጊዜው በነበረው መሣሪያ አብዛኛውን መጫወት ይከብድ ነበር። ነሐሴ 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጨረሻውን ትኬት የተሸጠበት ኮንሰርት ተጫውተው ዙሩን አቆሙ። ስቱዲዮን የመረጡት መጫወት ስላቃታቸው እንዳልሆነ ደግሞ ጥር 1969 ለንደን ውስጥ ጣራ ላይ ወጥተው አሳይተዋል። ከዚያ ጣራ ላይ የተቀረጹ ሦስት ዘፈኖች በቀጥታ ሌት ኢት ቢ አልበም ላይ ገብተዋል። ስማቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ጥሩ ተስማምተው ተቀምጠዋል።

አንዳንዱ ክፍል ጭራሽ የለም ላልከው መልሱ ክዊን የተባለው ባንድ ጋ ነው። ቦሂሚያን ራፕሶዲ መሐሉ ላይ ያለው የኦፔራ ክፍል የጥቂት ሰዎች ድምፅ እላይ በላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው። አራት ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ያን ያህል ድምፅ ማውጣት አይችልም። ምን አደረጉ? እዚያ ክፍል ላይ ሲደርሱ መድረኩን ለቀው ይወጣሉ፣ ቴፑ ይጫወታል፣ ከባዱ የሮክ ክፍል ሲመጣ ተመልሰው ይገባሉ። አፋቸውን እያንቀሳቀሱ የዘፈኑ ለመምሰል አልሞከሩም። ለኔ ይህ የሙያ ክብር ነው። ዘ ሁ የተባለው ባንድ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ባባ ኦራይሊ ላይ ያለውን ሲንተሳይዘር የሚመስል የኦርጋን ድምፅ በቴፕ አስኬዱና ባንዱ በላዩ ይጫወት ነበር፤ ድራመሩ ኪት ሙን ቴፑ እንዳያመልጠው ጆሮው ላይ ሄድፎን አድርጎ። ጓደኞችህ ቴፕ ሁሉ ማጭበርበር ነው ካሉህ እነዚህን ጥቀስላቸው። ማጭበርበር የምለው ያልዘፈኑትን እየዘፈንኩ ነው ብሎ ቆሞ ማስመሰልን ነው።

ላይቭ ኤይድን ሳላነሳ አላልፍም። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ነው፣ በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977። ያ ኮንሰርት የተዘጋጀው በአገራችን በረሃብ ለሚያልቀው ወገን ነው፣ እና እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆኖ ስለዚያ ቀን እንዲሁ ስለ ሙዚቃ ብቻ ማውራት ይከብደኛል። በሙያ ዓይን ስታየው ደግሞ ከዚያ የተሻለ ትምህርት የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ከተማ፣ ለእያንዳንዱ ባንድ ጥቂት ደቂቃ። ክዊን ለንደን ዌምብሌይ ላይ የተሰጣቸው 20 ደቂቃ ያህል ነበር። አስቀድመው ተለማመዱ፣ ዘፈኖቹንም አሳጠሩ። ቦሂሚያን ራፕሶዲን ጀምረው የኦፔራው ክፍል ጋ ሳይደርሱ ወደ ሌላ ዘፈን ተሻገሩ። ፍሬዲ ሜርኩሪ መሐል ላይ ያለ ምንም መሣሪያ በድምፁ ብቻ ሕዝቡን እያስቀበለ ተጫወተ። አልበም ላይ ተቀባይ የለም። እዚያ ግን 70 ሺህ ገደማ ተቀባይ ነበረው።

በዚያው ቀን ፊላደልፊያ ላይ ሌድ ዜፕሊን ከዓመታት በኋላ ተገናኝተው ወጡ። የራሳቸው ድራመር ጆን ቦንሃም ሞቷል፣ በቦታው ሁለት ድራመሮች ተቀምጠዋል፣ በቂ ልምምድ አልነበረም፣ የፔጅ ጊታር ቅኝቱ ተበላሽቷል፣ የሮበርት ፕላንት ድምፅ ሻክሯል። ባንዱ ራሱ ስላልወደደው የላይቭ ኤይድ ዲቪዲ በ2004 ሲወጣ የነሱ ክፍል እንዲገባ አልፈቀዱም። እንግዲህ መድረክ እውነተኛ ችሎታን ያሳያል ከተባለ ሌድ ዜፕሊን መጫወት አይችሉም ልንል ነው? ማንም አይልም። መድረክ የሚያሳየው የዚያን ቀን ሁኔታ ነው።

ስለ ፍጥነቱና ስለ ድምፁ መውረድ ባጭሩ ልመልስልህ። ሰው ፊት ስትቆም ደምህ ይሞቃል፣ ድራመሩም ሳያውቀው ይፈጥናል። አንዳንዴ ይህ ዘፈኑን ያድነዋል። ቺፕ ትሪክ የተባሉት ባንድ «አይ ዋንት ዩ ቱ ዋንት ሚ» የሚለውን ዘፈን በ1977 በስቱዲዮ አውጥተውት አሜሪካ ውስጥ አልተሳካም። ጃፓን ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ ፈጠን አድርገው፣ ልጃገረዶች እየጮሁላቸው የተጫወቱት ግን በ1979 የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ 7ኛ ደረሰ። ድምፁ የሚወርደው ደግሞ ዘፋኙ አንድን ከባድ ቦታ ስቱዲዮ ውስጥ አርፎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ነገ ተመልሶ ሊዘፍነው ስለሚችል ነው። በጉዞ ላይ ግን በየማታው ነው የሚዘፍነው። ሜታሊካ አልበሙ ላይ ካለው ግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ያህል) ዝቅ አድርገው ቃኝተው መድረክ ላይ ሲጫወቱ ዓመታት አልፈዋል። ብዙ ባንድ ያደርገዋል፣ ነውር የለውም።

ቪዲዮዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታየው የመድረክ ቪዲዮ ራሱ መድረኩ አይደለም። በስልክ የተቀረጸ ከሆነ ማይኩ የቤዙን ኃይል መሸከም አቅቶት ይንኮሻኮሻል። ከሚክሰር የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ድራሙና የጊታሩ አምፕሊፋየር ብቻቸውን ይበቃሉ፣ ስለዚህ እኔ በሚክሰር የማሳልፈው በአብዛኛው የዘፋኙን ድምፅ ነው። ያን ብቻ ስትቀርጽ ዘፋኙ ብቻውን ይጮሃል፣ ጊታሩ ከሩቅ ይሰማል። በቦታው የነበረ ሰው ግን እንደዚያ አልሰማውም። የተሸጡት የመድረክ አልበሞችም ንጹሕ ላይቭ ናቸው ብለህ አትመን። ኪስ የተባሉት ባንድ በ1975 ያወጡት «አላይቭ» የሚባል የመድረክ አልበም ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ ተስተካክሏል። የቲን ሊዚ ባንድ «ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ» አልበም ምን ያህሉ ስቱዲዮ ውስጥ እንደተሠራ ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲና ባንዱ እስከዛሬ አይስማሙም። እንዳለ የተጫወቱትን መስማት ከፈለግህ የዲፕ ፐርፕልን ሜድ ኢን ጃፓን ፈልግ፣ ነሐሴ 1972 የተቀረጸ። ስፔስ ትራኪን አልበሙ ላይ 5 ደቂቃ የማይሞላ ነው፣ እዚያ ወደ 20 ደቂቃ ይደርሳል። እነዚያን ደቂቃዎች በሙሉ እንድትሰማቸው እመክርሃለሁ።

በኛ አገርም ልዩነቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል አልነበረም። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የነበሩት ባንዶች አንድ ክፍል ውስጥ በጥቂት ማይክ አብረው ተጫውተው ነው የሚቀረጹት። ትራምፔቱ የዘፋኙ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ድራሙም እንዲሁ። ለዚህ ነው እነዚያን ሸክላዎች ስትሰማ አዳራሽ ውስጥ ያለህ የሚመስልህ። ኪቦርድና የድራም ማሽን ሲመጣ ሁሉም ለየብቻው መቀረጽ ጀመረ፣ አልበሙና መድረኩም ተራራቁ። የጃኖ ባንድን ኤርታሌ የተባለ አልበም ሰምተህ (2012፣ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል) ከዚያ መድረክ ላይ ሲጫወቱ ብታይ በቋንቋህ ታወዳድራለህ።

አሁን ወደ እናንተ። አልበሙን ለመምሰል አትሞክሩ። አልበሙ ላይ የምትሰሙት አንድ ጊታር ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርቦ በግራና በቀኝ የተቀመጠ ነው። ኒርቫና ኔቨርማይንድን ሲቀርጹ ኩርት ኮቤይን ድምፁን መደረብ አይወድም ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ ቡች ቪግ ጆን ሌነንም ያደርገው ነበር ብሎ ነው ያሳመነው። የእናንተ ዘፋኝ አንድ ነው። አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ይዞ ያን ውፍረት የሚያሳድድ ባንድ መጨረሻው ቮልዩም መጨመር ነው። እሱም ስፒከሩን ያስፏጨዋል እንጂ አያወፍረውም።

ይልቅ ከእያንዳንዱ ዘፈን ሊቀር የማይችለው ምን እንደሆነ ተነጋገሩ። የአንዱ ዘፈን ጉልበት የጊታር ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመጣው አጭር ዜማ) ነው፣ የሌላው ቤዙ፣ የሌላው አዝማቹ። እሱን ጠብቁ፣ ሌላውን ቀንሱ። በመሐል የጎደለውን ቤዝ ጊታሩ ይሙላው። ሜታሊካ በ1988 ባወጡት አልበም ላይ ቤዙ የለም በሚያስብል ደረጃ ነው ዝቅ ያለው፤ መድረክ ላይ ያንኑ ዘፈን ሲጫወቱ ግን ቤዙ ደረት ይመታል። ድምፅ ከፍ ሲል ጆሯችን ቤዙን ይበልጥ ይሰማል፣ ዝቅ ሲል ይጎድልብናል፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 ያሳዩት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ዝቅ አድርጋችሁ ስትለማመዱ ልክ የመሰላችሁ ቤዝ አዳራሽ ውስጥ ይበዛል። እዚያው ከፍታችሁ አስተካክሉት።

አዳራሹ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። እኛ ጋ አብዛኛው አዳራሽ የሲሚንቶ ግድግዳ፣ መስተዋትና ቆርቆሮ ነው። ድራሙ አንዴ ሲመታ ግድግዳው ሦስቴ ይመልሰዋል። ፈጣን ዘፈን እዚያ ውስጥ ይቦካል፣ ቃሉም አይለይም። ከድራሙ ጀርባና ከጎኑ የመንዝ ባና ካገኛችሁ ስቀሉ፣ ከጠፋ ወፍራም ብርድ ልብስ። የሲምባሉንና የስኔሩን ጩኸት በደንብ ይውጣል። ቤዙን ግን አይነካውም፤ ቤዙን በሚክሰሩ ነው የምትቀንሱት። ሰው ሲገባ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል፣ ልብስና ገላ ድምፅ ይጠጣል፣ ስለዚህ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያደረጋችሁትን ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) የመጨረሻ አድርጋችሁ አትያዙት። አንድ ጆሮውን የምታምኑት ሰው የመጀመሪያው ዘፈን ላይ መሐል ቆሞ ይስማችሁ።

ሜዳ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በ10 ዲግሪ ብርድ ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 50 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከ0.15 ሰከንድ በኋላ ነው የሚሰማችሁ፣ ጭብጨባውም ወደ እናንተ ሲመለስ ሌላ ያን ያህል ይዘገያል። ጭብጨባውን ከተከተላችሁ ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄዳል። ሁላችሁም ድራመሩን ተከተሉ፣ ድራመሩ ደግሞ ማንንም አይከተል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ለጊታር ጠላት ነው። ከውጭ ብርድ አምጥታችሁ ወዲያው የቃኛችሁት ጊታር፣ የመድረኩ መብራትና እጃችሁ ሲያሞቀው ክሩ ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ኪቦርዱ አይወርድም፣ እና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትለያያላችሁ። ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ሙቀቱ ገና ከመኪና ስትወርዱ ያንኑ ያደርጋል። ጊታሮቹን ከመጫወታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከሣጥናቸው አውጡና እዚያው መድረኩ ላይ፣ መብራቱ በርቶ አስቀምጧቸው። ከዚያ ቃኙ። ሁለት ዘፈን ከተጫወታችሁ በኋላ ዘፋኙ ሕዝቡን ሲያዋራ እንደገና ቃኙ።